«ሮማን ሆሊዴይ»ና በታሪኩ ያልገባው ሐውልት

አሜሪካዊው የፊልም አዘጋጅ ዊልያም ዋይለር በ1952 (በእኛ ክረምት፣ በእነሱ በጋ መሆኑ ነው) ሮማ ላይ ያነሣው፣ በ1953 ለሕዝብ የቀረበው «ሮማን ሆሊዴይ» የተባለ የፍቅር ፊልም ዛሬም ሰው ያስጉዛል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓ.ም. ያልተባለባቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልን። ፊልሙ እንደ ዛሬዎቹ በቀለም ያሸበረቀ አይደለም፤ ጥቁርና ነጭ ነው። ተዋዳጆቹም በመጨረሻ ተለያይተው ይቀራሉ እንጂ በሠርግ አይጋቡም። ሆኖም ሮማ የሚወርደው አገር ጎብኚ በሳንታ ማሪያ ኢን ኮስሜዲን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ተሰልፎ «የእውነት አፍ» በሚባለው የድንጋይ ፊት ውስጥ እጁን እያስገባ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ቬስፓ ተከራይቶ በኮሎሴዩም ዙሪያ ይነዳል፤ በስፓኝ ደረጃዎች ላይ ጀላቲ ይዞ መቀመጥ ያምረዋል። ይህ የመጨረሻው አምሮት የከተማውን ሹማምንት ሳያስቸግር አልቀረም፤ በ2019 የወጣው የከተማው ደንብ በደረጃዎቹ ላይ መቀመጥን ጭራሽ ከልክሏል።

አንድ የፍቅር ፊልም ሰውን ከቤቱ አስነሥቶ ባሕር የሚያሻግረው፣ መሻገር ያልቻለውንም በተቀመጠበት ወንበር ላይ የሚያስጉዘው በምን ኃይሉ ነው? ጥያቄውን ያነሣነው ለጨዋታ ብቻ አይደለም። በማሠልጠኛ ተቋም የምናስተምራቸው እጩ መምህራን ውጭ አገርን ከሚያውቁባቸው መንገዶች ዋነኛው ፊልም ነው፤ ነገ የሚያስተምሯቸው ልጆችም እንዲሁ ናቸው። ካርታ ማንበብ ሳይለምዱ ፊልም ለምደዋል። እንግዲህ ፊልሙ ያሳያቸውንም፣ ሳያሳያቸው ያለፈውንም መመርመር ከእኛ ሥራ የሚቆጠር ይመስለናል።

ታሪኩን ላላስታወሰ ባጭሩ እንንገር። አገሯ ያልተጠቀሰ አን የተባለች ወጣት ልዕልት የአውሮፓን ከተሞች ስትጎበኝ ሮማ ትደርሳለች። በየቀኑ እጅ መጨበጥ፣ በየቀኑ የተጻፈላትን ቃል መናገር ሰልችቷት በሌሊት በጭነት መኪና ውስጥ ተደብቃ ከኤምባሲዋ ትወጣለች። ጆ ብራድሌይ የሚባል ገንዘብ ያጠረው አሜሪካዊ ጋዜጠኛ መንገድ ዳር ተኝታ ያገኛታል። ማንነቷን በደረሰበት ጊዜ ወሬዋን ሊሸጥ አስቦ፣ ፎቶግራፍ አንሺ ጓደኛውን አስከትሎ፣ ቀኑን ሙሉ ከተማውን ያዞራታል። ፀጉሯን ትቆረጣለች፤ ጀላቲ ትበላለች፤ ቬስፓ ትነዳለች፤ ማታ በቴቬሬ ወንዝ ላይ በቆመ ጀልባ ትጨፍራለች። ከዚያ ወደ ግዴታዋ ትመለሳለች፤ እሱም ወሬውን ሳይሸጥ ይቀራል። ልዕልቲቱን የተጫወተችው ፊልሙ ሲነሣ የ23 ዓመት ወጣት የነበረችው ኦድሪ ሄፕበርን ስትሆን፣ ጋዜጠኛው ግሪጎሪ ፔክ ነው። ሄፕበርን በዚህ ሥራዋ የኦስካር ሽልማት አግኝታለች፤ የሚገባትም ነበር።

የፊልሙ የመጀመሪያ ብልኀት ከመንገድ ላይ መነሣቱ ነው። በዚያ ዘመን ሆሊውዶች ሮማንም ሆነ ፓሪስን ካሊፎርኒያ ውስጥ በእንጨትና በሸራ ሠርተው ማሳየት ልማዳቸው ነበር። ዋይለር ግን ሁሉንም በዚያው በሮማ አነሣ፤ ፊልሙም ሲጀምር ይህንኑ በጽሑፍ ይነግረናል። ምክንያቱ የጥበብ ፍቅር ብቻ አልነበረም። የአሜሪካ ኩባንያዎች ኢጣሊያ ውስጥ ከሲኒማ ያገኙት ገንዘብ ከአገር እንዳይወጣ ታግዶ ስለነበር እዚያው ሊያወጡት ግድ ሆነባቸው። ዓለም የወደዳት ሮማ በከፊል የሒሳብ መዝገብ ውጤት ናት ማለት ነው። ቢሆንም ውጤቱ አምሯል። «በእውነት አፍ» ፊት ፔክ እጁን በኮቱ እጅጌ ውስጥ ደብቆ የተቆረጠ ሲያስመስል ሄፕበርን የጮኸችው አስቀድሞ ሳይነገራት ነው ይባላል፤ ዓይቶ የማያምን የለም። ተመልካቹ ያንን ድንጋጤና ያንን ሳቅ ለራሱ ይመኘዋል። በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ የሚሰለፈውም ድንጋዩን ለማየት ሳይሆን ያንን ለማግኘት ነው።

ሁለተኛው ብልኀት ከዚህ የጠለቀ ነው። ተዋዳጆቹ ቢጋቡ ኖሮ ተመልካቹ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ነገሩ አለቀ። ሲለያዩ ግን ፍቅሩ ባለቤት አጥቶ ይቀራል። ያ ባለቤት ያጣ ፍቅር ማረፊያ ሲፈልግ ከተማው ላይ ያርፋል። ልዕልቲቱን ማንም ሊያገኛት አይችልም፤ ደረጃዎቹን ግን ቲኬት የቆረጠ ሁሉ ያገኛቸዋል። በፊልሙ መጨረሻ ጋዜጠኞች ተሰብስበው ከጎበኘቻቸው ከተሞች የትኛውን እንደወደደች ሲጠይቋት፣ ሁሉንም እኩል የሚያመሰግነውን የተዘጋጀ መልስ ትጀምርና አቋርጣ ሮማን ትመርጣለች። ለሰውየው መናገር ያልቻለችውን ለከተማው ተናገረች። በእኛ አስተያየት ከፊልሙ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ትዕይንት ነው፤ ለአገር ጎብኚ ቢሮዎችም ከዚህ የበለጠ ማስታወቂያ ማንም አልሠራላቸውም።

ሌሎችም ፊልሞች ይህንኑ ይመሰክራሉ። ዴቪድ ሊን በ1955 ባወጣው «ሰመርታይም» አሜሪካዊቷ ሴት ከወደደችው ኢጣሊያዊ ተለይታ በባቡር ትሄዳለች፤ ቬኒስ ግን እዚያው ትቀራለች። «ካዛብላንካ» (1942) ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። ፊልሙ ሞሮኮን ሳይረግጥ ካሊፎርኒያ ውስጥ የተሠራ ሆኖ ሳለ፣ ጎብኚው በእውነተኛይቱ ካዛብላንካ የሪክን ካፌ ሲፈልግ ኖረ፤ በመጨረሻ በ2004 አንዲት የቀድሞ የአሜሪካ ዲፕሎማት በዚያች ከተማ የፊልሙን ካፌ የሚመስል ምግብ ቤት ከፈተች። ፊልሙ ከተማውን መምሰል ሲገባው ከተማው ፊልሙን መሰለ። በሲኒማ ቤቶቻችን ለረጅም ጊዜ ሲወደድ የኖረው የሕንድ ፊልምም ከዚህ አይርቅም። ራጅ ካፑር በ1964 ላወጣው «ሳንጋም» ተዋናዮቹን ይዞ እስከ ቬኒስ፣ ፓሪስና ስዊዘርላንድ ዘልቋል። ከእሱ በኋላ ስንቱ የሕንድ ፍቅረኛ በስዊዘርላንድ በረዶ ላይ በስስ ልብስ እንደዘፈነ ቆጥሮ የሚዘልቅ ያለ አይመስለንም። ኢንተርላከን የተባለው የስዊዘርላንድ ከተማ በ2016 ለፊልም አዘጋጁ ለያሽ ቾፕራ ሐውልት ያቆመለት የሕንድ ጎብኚ ስላበዛለት ነው።

ሐውልት ካነሣን ዘንድ ወደ ሮማ እንመለስ።

ፊልሙን ለሠልጣኞቻችን በአዳራሽ አሳይተን ነበር። ርዝመቱ 118 ደቂቃ ስለሆነ በሦስት ክፍለ ጊዜ ይጠናቀቃል። መጀመሪያ ያስተዋልነው ነገር ሠልጣኞቹ በከተማው ባዕድ አለመሆናቸው ነው። ጀላቲውም፣ ፒያሳውም፣ ቬስፓውም ሲመጣ «ይህማ የእኛ ነው» የሚል ሳቅ ተሰማ። በእርግጥ ነው፤ ፌርማታ፣ ማኪያቶ፣ መርካቶ፣ ጎሚስታ እያለ ያደገ ሰው ሮማን ሳያያት ከአፏ ቃል ወስዷል። እነዚህ ቃላት በምን መንገድ ወደ እኛ እንደመጡ ግን ፊልሙ አይነግረውም። ፊልሙ አልቆ መብራት ሲበራ አንዲት ሠልጣኝ እጇን አወጣችና፣ «መምህር፣ ይህ ሲነሣ የአክሱም ሐውልት እዚያው ሮማ አልነበረም እንዴ?» ብላ ጠየቀች።

ነበረ። ቁመቱ 24 ሜትር የሆነው፣ በአክሱም ወድቆና ተሰባብሮ ይገኝ የነበረው ሐውልት በወረራው ዘመን ተጭኖ ሄዶ፣ ፋሺስቶች ሥልጣን የያዙበት «የሮማ ጉዞ» 15ኛ ዓመት ሲከበር በኦክቶበር 1937 ፖርታ ካፔና በተባለው አደባባይ ተተክሏል። የፊልሙ የውስጥ ክፍሎች የተነሡበት ቺኔቺታ የተባለው ስቱዲዮ የተከፈተውም በዚያው በ1937፣ በዚያው በሙሶሊኒ እጅ ነው። ከ«እውነት አፍ» ተነሥቶ በጥንቱ የፈረስ መሮጫ፣ በቺርኮ ማሲሞ ዳር ወደ ሌላኛው ጫፍ የሚራመድ ሰው ሩብ ሰዓት ያህል ቢሄድ ሐውልቱ ሥር ይደርስ ነበር። ልዕልቲቱና ጋዜጠኛው በቬስፓ የሚያልፉበት ፒያሳ ቬኔዚያም ተራ አደባባይ አይደለም፤ ሜይ 9 ቀን 1936 ሙሶሊኒ ከሰገነቱ ሆኖ ኢትዮጵያን የግዛቱ አካል ማድረጉን ያወጀው ለዚያ አደባባይ ሕዝብ ነው።

ነገሩን የበለጠ የሚያከብደው ዓመቱ ነው። ኢጣሊያ በ1947 በፈረመችው የሰላም ውል አንቀጽ 37 መሠረት፣ ከኦክቶበር 3 ቀን 1935 ወዲህ ከኢትዮጵያ የወሰደችውን ቅርስ ሁሉ ውሉ በሥራ ላይ ከዋለበት ቀን አንሥቶ በ18 ወር ጊዜ ውስጥ ልትመልስ ግዴታ ገብታ ነበር። የዋይለር ካሜራ ሮማ ሲገባ ይህ ቀነ ገደብ ካለፈ ሦስት ዓመት አልፎታል። ሐውልቱ በቆመበት ቆሟል፤ አጠገቡ በ«እውነት አፍ» ውሸታም እጁን እንዲቆረጥ እየተባለ ይቀለዳል። እኛ ይህን ስናስብ ያሳቀን ትዕይንት ሳቁን ባይነጥቀንም ትንሽ ጎምዝዞብናል።

የእንግሊዝኛ መምህራን የሆኑ ባልደረቦቻችን እዚህ ላይ አንድ ነገር ሊጨምሩ ይችላሉ። የፊልሙ ርዕስ በአማርኛ «የሮማ የዕረፍት ቀን» ቢባል ያስኬዳል፤ ነገር ግን አባባሉ በእንግሊዝኛ ቀድሞም የነበረ፣ በሌላ ሰው ሥቃይ መደሰትን የሚያመለክት ነው። ምንጩም ባይሮን በ1818 ባወጣው ግጥም ለሮማውያን መዝናኛ ሲባል ስለሚገደል ግላዲያተር የጻፈው ክፍል ነው። የፊልሙ ደራሲ ይህን ሳያውቅ ርዕስ አልመረጠም እንላለን፤ ልዕልቲቱም ለሌላው ደስታ የምትሠዋ ናትና። ለ1937ቱ የሮማ በዓል ተጭኖ የተወሰደ ድንጋይ ያለው አገር ሰው ግን ርዕሱን በሌላ ጆሮ ቢሰማው አይፈረድበትም።

ታዲያ ጥፋቱ የፊልሙ ነው? እኛ አይደለም ባዮች ነን። ሰውን ለማሳቅና ለማስተከዝ የተሠራ ፊልም የታሪክ መማሪያ መጽሐፍ አይደለም፤ ዋይለርም በሮማ ያለውን ድንጋይ ሁሉ የመቁጠር ዕዳ የለበትም። ግን ዝምታውን ዝምታ ብሎ መጥራት ከክስ አይቆጠርም። ዋይለር የኢጣሊያን ቁስል የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ በጦርነቱ ዘመን በአሜሪካ አየር ኃይል ውስጥ ሆኖ በኢጣሊያ ሰማይ ላይ ፊልም ሲያነሣ የመስማት ችሎታውን በከፊል ያጣ ሰው ነው። ከሰባት ዓመት በኋላ ተመልሶ ሲመጣ ጦርነትም ፋሺዝምም ያልነካት የምትመስል ከተማ አሳየን። ይህን ያደረገው ሰዎች ከሐዘን ማረፍ ፈልገው ስለነበር ይመስለናል። ሐዘኑን ያደረሰውም የደረሰበትም እኩል ዐረፈ፤ ሒሳቡ ግን አልተዘጋም ነበር።

ደግሞም ፊልሙ የራሱን ሰው ደብቋል። ታሪኩን የጻፈው ዳልተን ትራምቦ በፖለቲካ አመለካከቱ ምክንያት በሆሊውድ ሥራ ከተከለከሉት አንዱ ስለነበር፣ ጓደኛው ኢያን ማክሌላን ሃንተር ስሙን አዋሰው፤ ኦስካሩም ለሃንተር ተሰጠ። ትራምቦ በ1976 ሞተ። ሽልማቱ በስሙ የተሰጠው በ1993፣ የደራሲነት ስሙ የተመለሰለትም በ2011 ነው። ሐውልቱ በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. በአውሮፕላን በሦስት ምልልስ ተጭኖ አክሱም ገባ፤ በነሐሴ 2000 ዓ.ም. ቆሞ ተመረቀ። ዛሬ ፊልሙን የሚያይ ሰው ሁለቱም ወደ ቦታቸው ከተመለሱ በኋላ የሚያይ ነው፤ በ1953 ካየው ይልቅ የእሱ ዕይታ የሰፋ መሆን አለበት።

ለእኛ አንባቢ ሌላም ሮማ አለች። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ የሮጠባት ሮማ ናት። ከካምፒዶሊዮ ኮረብታ ሥር ተነሥቶ፣ በጥንቱ የአፒያ መንገድ በችቦ ብርሃን ተመልሶ፣ ከሞሮኮው ራዲ ጋር ጎን ለጎን ሲሮጥ ቆይቶ፣ ወደ ፍጻሜው ሐውልቱ ከቆመበት አካባቢ ሲደርስ ጥሎት ሄደ። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ከቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ገባ። ይህም በፊልም ተይዟል፤ ይህም ብዙ ሰው በወንበሩ ላይ ሆኖ የተጓዘበት ጉዞ ነው። ልዩነቱ እዚህኛው ፊልም ውስጥ ሐውልቱ የመንገዱ ምልክት ሆኖ መገኘቱ ነው። በሰባት ዓመት ልዩነት የታዩ የአንድ ከተማ ሁለት ሥዕሎች ናቸው፤ አንዱን ያለ ሌላው ማሳየት ለእኛ ልጆች ጎደሎ ይሆናል።

ስለ ኦድሪ ሄፕበርንም አንድ ነገር ሳንል ማለፍ አይገባንም። በማርች 1988 ለዩኒሴፍ የመጀመሪያ የመስክ ጉዞዋን ያደረገችው ወደ ኢትዮጵያ ነበር፤ በድርቁ ዘመን መቀሌ የሚገኝ የሕፃናት ማሳደጊያን ጎበኘች። ያን ጊዜ 58 ዓመቷ ነበር። በፊልሙ ውስጥ የልዕልቲቱ የይፋ ጉብኝት የተሰለቸ ግዴታ ነው፤ በእውነተኛው ሕይወቷ ግን ዝነኛ ፊቷን ካሜራ ሊከተለው እንደማይቀር እያወቀች ወደዚያው ዓይነት ጉብኝት በፈቃዷ ገባች። ሮማን ለዓለም ያሳየ ፊት መቀሌን ለማሳየት መጣ። በወንበሩ ላይ ሆኖ የሚጓዘው የአውሮፓ ተመልካች በዚያ ወቅት ወደ እኛ ተጓዘ፤ ያየው ግን የተራቡ ልጆችን ብቻ ነበር። ከመቀሌ ሰሜን ስላለችው አክሱም፣ ከዚያ ስለሄደው ድንጋይ የሚናገር ፊልም አላገኘም። እነሱ እኛን የሚያዩት በረኃብ፣ እኛ እነሱን የምናየው በፍቅር ፊልም ከሆነ ልውውጡ የተዛነፈ ነው።

አንድ ሌላ ሠልጣኝ ደግሞ፣ «እሷ ያለ ፓስፖርት በጭነት መኪና ተደብቃ ወጣች፤ ማንም አልያዛትም» ብሎ አዳራሹን አሳቀው። ሳቁ ግን ቶሎ በረደ። በጭነት መኪና ተደብቀው ወደ ሮማ የተነሡ የመንደር ልጆችን፣ የክፍል ጓደኞችን የማያውቅ በመካከላችን አልነበረምና። ኦክቶበር 3 ቀን 2013 ላምፔዱሳ ከተባለችው የኢጣሊያ ደሴት አጠገብ አንዲት ጀልባ ሰጥማ ከ360 በላይ ሰዎች አልቀዋል፤ አብዛኞቹ ኤርትራውያን ነበሩ። ለዚህ ተጠያቂው የፍቅር ፊልም ነው የሚል ቂል አይኖርም፤ ሰው የሚሰደድበት ምክንያት ሌላ ነው። ነገር ግን ፊልም ሰውን ያስጉዛል ሲባል ቪዛ በእጁ ያለ ተመልካች ታስቦ መባሉን መምህሩ ለተማሪው ሊነግረው ይገባል። ልዕልቲቱ ስትወጣም ስትመለስም በር የሚከፈትላት ናት። የእሷን አንድ ቀን አይቶ ያቺን ከተማ የናፈቀ ልጅ ናፍቆቱ አያሳፍረውም፤ ከተማይቱ ለእሱ እንዴት እንደምትከፈትና እንደምትዘጋ ግን ከፊልሙ አይማረውም።

ፊልሙን በክፍል ለማሳየት ለሚያስቡ ባልደረቦቻችን ያደረግነውን ብንናገር ይጠቅም ይሆናል። ከፊልሙ በኋላ የሮማን ካርታ በትልቅ ወረቀት አባዝተን ለየቡድኑ ሰጠን። የልዕልቲቱን መንገድ በቀይ እርሳስ፣ የአበበን በአረንጓዴ እንዲያሰምሩ አዘዝን። ካርታው ላይ ደረጃዎቹን፣ የትሬቪን ፏፏቴ፣ «የእውነት አፍ»ን ለማግኘት ብዙ አልተቸገሩም፤ የአፒያን መንገድ ለማግኘት ግን ጊዜ ፈጀባቸው። ቀዩና አረንጓዴው ኮሎሴዩም አጠገብ ተገናኙ፤ የቆስጠንጢኖስ ቅስት ያለው እዚያው ነውና። ከዚያ አንዱ ቡድን ፖርታ ካፔና ላይ ሲደርስ ሐውልቱ አሁን እዚያ ስለሌለ በካርታው ላይ ይሳል ወይስ አይሳል በሚለው ተከራከረ። ገሚሱ በ1952ቱ ፊልም ጊዜ ስለነበረ ይሳል አለ፤ ገሚሱ ዛሬ አክሱም ነው፣ አይሳልም አለ። ደወል እስኪደወል አልተስማሙም፤ ወረቀቱን ሲያስረክቡን በቦታው ላይ ባዶ ክብ ተስሎበት አገኘን።